ከአቃቂ እስከ ባሕር፦ በውሃ ውስጥ ስላለ ኦርጋኒክ ቁስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በአቃቂ፣ በሰበታ፣ በሱሉልታ፣ በለገጣፎና በገላን ዙሪያ ኩሬ ቆፍረው ዓሣ ለሚያረቡ፣ ወንዝ ዳር አትክልት ለሚያለሙ፣ የውሃ ናሙና ለሚወስዱ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ስለ ባሕርና የባሕር ዳርቻ ሥነ ምህዳር ለሚማሩ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው።

ኦርጋኒክ ቁስ የሚባለው በትክክል ምኑ ነው?

ከሕያው ነገር የወጣ፣ ካርቦን የተሸከመ ነገር ሁሉ ነው። የረገፈ ቅጠል፣ እበት፣ የሞተ አልጌ፣ የዓሣ ኩስ፣ የወጥ ቤት እጣቢ፣ የቄራ ደም፣ ከአፈር ታጥቦ ውሃውን ቡናማ የሚያደርገው ቀለም ሁሉ ከዚህ ይመደባል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ለሁለት ይከፈላል። ውሃው 0.45 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ባለው ማጣሪያ ሲያልፍ ማጣሪያው ላይ የቀረው ጠጣር፣ ያለፈው ደግሞ የሟሟ ይባላል። ልዩነቱ በተግባር ትልቅ ነው። ጠጣሩ ይዘቅጥና የታች ጭቃ ይሆናል፤ የሟሟው ከውሃው ጋር ሩቅ ይጓዛል።

እዚህ ባሕር የለም። ታዲያ የባሕሩ ጉዳይ ለእኛ ምን ያደርግልናል?

ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው፣ ብስባሽን የሚያፈርሱት ባክቴሪያዎች፣ የሚጠቀሙበት ኦክስጅንና የሚከተሉት ቅደም ተከተል ኩሬ ውስጥም ባሕር ውስጥም በመሠረቱ አንድ መሆኑ ነው። ባሕር ላይ በስፋት የተጠናው እዚህ ኩሬ ላይ ይሠራል።

ሁለተኛው የውሃው መንገድ ነው። የእንጦጦ ሰንሰለት ውሃ ይከፍላል። በደቡብ በኩል የሚወርደው ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛል፤ ከዚያ አዋሽን ተቀላቅሎ ቆቃን አልፎ አፋር ምድር ይገባል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ከአቃቂ የወጣው ብስባሽ በሙሉ የሚቀረው እዚሁ አገር ውስጥ፣ ከታች ባሉ ግድቦች፣ ማሳዎችና ሐይቆች ነው። ወስዶ የሚያቀልልን ባሕር የለንም። በሰሜን በኩል ግን የሱሉልታ ሜዳ ውሃ በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል፤ የዓባይ መጨረሻ ደግሞ ሜዲትራንያን ነው። ከአንድ ተራራ ሁለት ፊት የወረደ ዝናብ መድረሻው ይህን ያህል ይለያያል።

ለባሕር ኦርጋኒክ ቁስ ምግብ ነው ወይስ ቆሻሻ?

ምግብ ነው። ውሃን የሚበክል ነገር ብቻ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። በባሕር ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እፅዋት በዓመት ወደ 50 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ወደ ኦርጋኒክ ቁስ ይለውጣሉ፤ ይህ በምድር ላይ ካለው የእፅዋት ምርት ግማሽ ያህሉ ነው። አብዛኛው እዚያው ብርሃን ባለበት የላይኛው ውሃ ይበላል፣ ይፈርሳል። ከአምስት አንዱ ያህል፣ ማለትም ወደ 10 ቢሊዮን ቶን የሚጠጋው፣ የሞቱ ህዋሳትና ኩስ ተጣብቀው በሠሩት ብናኝ መልክ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ብርሃን የማይደርሳቸው የጥልቅ ባሕር እንስሳት የሚኖሩት በዋናነት ይህን እየለቀሙ ነው። የታችኛው ጭቃ ውስጥ ለዘለቄታው የሚቀበረው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ያ ጥቂቱ ግን በሚሊዮን ዓመታት ተጠራቅሞ ነዳጅ ዘይት ሆኗል።

የሟሟው ክፍል ደግሞ ለብቻው ትልቅ ማከማቻ ነው። ውቅያኖሶች 660 ቢሊዮን ቶን ያህል የሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦን ይዘዋል። አብዛኛው ባክቴሪያ በቀላሉ የማያፈርሰው፣ በሺዎች የሚቆጠር ዓመት ዕድሜ ያለው ነው።

ወንዝ ባሕር ሲገባ ያመጣው ብስባሽ ምን ይሆናል?

ጨዋማውን ውሃ ሲነካ የሸክላ ደቃቅና ቡናማው የሟሟ ቁስ ተጣብቀው ይረጋሉ፣ ይዘቅጣሉ። የወንዝ አፍ ጭቃ ለም የሆነውና ሽሪምፕ፣ ትልና ወፍ የሚበዛበት በዚህ የተነሳ ነው። የዓባይ አፍ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በክረምት የሚወርደው ደፍራሽ ጎርፍ ሜዲትራንያን ሲደርስ ደለሉ የያዘው ንጥረ ነገር አልጌን ያበዛ ነበር፤ አልጌውን ተከትሎ ሰርዲን ይመጣ ነበር። አስዋን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1964 ውሃ መያዝ ሲጀምር ጎርፉ ቆመ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዓመት 18 ሺህ ቶን ገደማ የነበረው የግብፅ ዳርቻ የሰርዲን ምርት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1 ሺህ ቶን በታች ወረደ። በ1980ዎቹ ምርቱ መልሶ ማንሰራራት ጀመረ፤ ያነሣው ግን የእርሻ ማዳበሪያና የከተሞች ፍሳሽ ነው።

ቀይ ባሕርስ?

ወደ ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ የለም። ውሃው ጥርት ያለና ለኮራል የሚመች እንዲሆን ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ከምድር የሚገባው ብስባሽም ንጥረ ነገርም ጥቂት ነው። የዳርቻው ኦርጋኒክ ቁስ የሚመጣው ከራሱ አልጌ፣ ከባሕር ሣር፣ ማንግሮቭ ከሚባለው የባሕር ዳር ዛፍና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ከሚገባው ውሃ ነው። በኤርትራና በጅቡቲ ዳርቻ ያለው ማንግሮቭ ሥሩን የሚሰደው ኦክስጅን በሌለው ጭቃ ውስጥ ስለሆነ ቅጠሉና ሥሩ ቶሎ አይፈርስም፤ ካርቦኑ ካልተነካ ለብዙ መቶ ዓመታት ይቀመጣል። ማንግሮቩ ተቆርጦ ጭቃው አየር ሲያገኝ ግን ያ ሁሉ ክምችት በአጭር ጊዜ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል።

ምግብ ከሆነ መቼ ነው ጉዳት የሚሆነው?

ከኦክስጅኑ ሲበልጥ። ባክቴሪያ አንድ ግራም ካርቦን ለማፍረስ 2.67 ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል። ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ደግሞ በጣም ጥቂት ነው፤ በእኛ ከፍታ ይብሳል። በባሕር ጠለል ላይ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ንጹሕ ውሃ በሊትር 9.1 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል። 2,300 ሜትር አካባቢ የአየር ግፊቱ ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚወርድ እዚህ የሚይዘው 6.9 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ከውጭ የመጣ የኩሬ መመሪያ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ወስዶ መጠቀም የሚያስከስረው ለዚህ ነው፤ መመሪያው የተጻፈው ሲሶ ያህል ትርፍ ኦክስጅን ላለው ውሃ ነው።

እስቲ በአንድ ኩሬ እናስላው። 10 በ20 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ኩሬ 200 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ሙሉ በሙሉ ኦክስጅን ቢሞላ እንኳ በጠቅላላው ያለው 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ እበት፣ ካርቦኑ 40 በመቶ ቢሆን፣ ሙሉ በሙሉ ሲፈርስ ከ1 ኪሎ በላይ ኦክስጅን ይጨርሳል። ኩሬው የማይሞተው ብስባሹ በአንድ ጊዜ ስለማይፈርስ፣ አልጌው ቀን ላይ ኦክስጅን ስለሚሠራና ከአየርም ስለሚገባ ነው። አንድ ጋሪ እበት በአንድ ቀን ሲደፋ ይህ ሚዛን ይፈርሳል።

ባሕር ላይም የሆነው ይኸው ነው። ኦክስጅኑ በሊትር ከ2 ሚሊግራም በታች የወረደበት፣ ዓሣ የሚሸሸውና መሸሽ የማይችለው የሚሞትበት ሥፍራ የሞተ ቀጠና ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ላይ ከ400 በላይ ተቆጥረዋል። የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤና የባልቲክ ባሕር የታወቁት ናቸው። መነሻው ብዙውን ጊዜ ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያ ነው፤ ማዳበሪያው አልጌ ያበዛል፣ አልጌው ሲሞት ይዘቅጣል፣ ሲፈርስ የታችኛውን ኦክስጅን ይጨርሳል።

የባሕር ዳር ጭቃ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ የአባ ሳሙኤል ጭቃ ደግሞ አረፋ ያወጣል። ልዩነቱ ከምን መጣ?

ኦክስጅን ካለቀ በኋላ ባክቴሪያው ሌላ መተንፈሻ ይፈልጋል፦ መጀመሪያ ናይትሬት፣ ቀጥሎ ማንጋኒዝና ብረት፣ ከዚያ ሰልፌት፣ በመጨረሻም ሚቴን ወደሚያመነጩት ይደርሳል። የባሕር ውሃ በሊትር 2.7 ግራም ያህል ሰልፌት ስላለው ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ሰልፌት ላይ ያበቃል፤ ውጤቱ ያ ሽታ ያለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ጨው አልባ ውሃ ሰልፌት ስለሚያጥረው ቶሎ ወደ ሚቴን ይሻገራል። ሚቴን ራሱ ሽታ የለውም። ከአቃቂ በታች አረፋም ሽታም አብረው ከመጡ ከቆዳ ፋብሪካና ከመሰል ሥራዎች የሚለቀቅ የሰልፈር ውሁድ መኖሩን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ብረቱ ደረጃ ላይ ሲደርስ ደግሞ ከብረት ጋር ተጣብቆ የነበረው ፎስፈረስ ይለቀቃል፤ ይህም ሌላ አልጌ ይመግባል። ግድቡ ፍሳሹ ቢቆምለት እንኳ ለዓመታት ከጭቃው ራሱን እየመገበ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ወተት፣ አጓት ወይም ደም ወንዝ ውስጥ ቢደፋ ምን ይጎዳል? የተፈጥሮ ነገር አይደለም እንዴ?

የተፈጥሮ መሆኑ ነው ችግሩ፤ ባክቴሪያ ወዲያው ይበላዋል። አንድ ሊትር ወተት ለመፍረስ 100 ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈልጋል። ይህ በእኛ ከፍታ 14 ሜትር ኩብ ንጹሕ ውሃ የያዘው ኦክስጅን በሙሉ ነው። ደም ከወተትም ይብሳል። አጓት ከወተት ግማሽ ወይም ከዚያ ያነሰ ቢሆንም አይብ በሚሠራበት ቦታ መጠኑ ብዙ ነው። አጓትና አተላ ለከብትና ለአሳማ መኖ ይሆናሉ። ደም ደግሞ ከገለባና ከእበት ጋር ተደባልቆ በኮምፖስት ጉድጓድ መሐል ቢቀበር ጥሩ የናይትሮጅን ምንጭ ነው፤ ላዩ ላይ ከተተወ ዝንብና ውሻ ይጠራል።

የወንዝ ወይም የፍሳሽ ብስባሽ መጠን እንዴት ይለካል?

የተለመደው የአምስት ቀን የኦክስጅን ፍላጎት ምርመራ ነው። ናሙናው በጨለማ፣ በ20 ዲግሪ፣ በ300 ሚሊሊትር ጠርሙስ አምስት ቀን ይቀመጣል፤ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ኦክስጅኑ ይለካል። ናሙናው ከወንዙ መሐል፣ ከላይኛው አረፋ ዝቅ ተብሎ ይቀዳል፤ በበረዶ ሣጥን 4 ዲግሪ አካባቢ ተይዞ በዚያው ቀን ምርመራው ቢጀመር ይመረጣል።

ፍሳሽ ሳይቀጠን አይለካም፤ ኦክስጅኑ ከአምስት ቀን በፊት ያልቅና ውጤቱ ከእውነቱ በታች ይወጣል። ማቅጠኛው ውሃ በአየር ተሞልቶ በየሊትሩ የፎስፌት ባፈር፣ የማግኒዚየም ሰልፌት፣ የካልሲየም ክሎራይድና የፌሪክ ክሎራይድ ሙሙቶች አንድ አንድ ሚሊሊትር ይጨመርበታል። አንድ ምሳሌ፦ 6 ሚሊሊትር ፍሳሽ እስከ 300 ሚሊሊትር ቢቀጠን የናሙናው ድርሻ 0.02 ነው። መጀመሪያ 6.8፣ መጨረሻ 2.9 ከተነበበ ልዩነቱ 3.9 ነው፤ ለ0.02 ሲካፈል በሊትር 195 ሚሊግራም ይሆናል። ይህ የተለመደ የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ መጠን ነው።

ውጤቱ ተቀባይነት የሚኖረው ቢያንስ 2 ሚሊግራም ሲቀንስና መጨረሻ ላይ ቢያንስ 1 ሚሊግራም ሲቀር ነው። በባሕር ጠለል ከ9 ስለሚጀመር ሰፊ ቦታ አለ። እዚህ ከ7 በታች ስለሚጀመር አንድ ቅጥነት ብቻ ይዞ መሥራት ያከስራል፤ ሦስት ቅጥነት አዘጋጁ፣ ለምሳሌ 3፣ 6 እና 9 ሚሊሊትር። ናሙና ያልተጨመረበት ማቅጠኛ ውሃም ለብቻው አምስት ቀን ይቀመጥ፤ ከ0.2 ሚሊግራም በላይ ከቀነሰ ውሃው ወይም ጠርሙሱ ቆሻሻ ነበር ማለት ነው።

በብዛት የሚያጋጥሙ ስህተቶች ሁለት ናቸው። መለኪያው ለከፍታ ሳይስተካከል ሲቀር ንጹሕ ውሃ ላይ 9 አካባቢ ያነብባል፤ በዚህ ከፍታ በ20 ዲግሪ እንዲህ ያለ ንባብ ለአየር በተጋለጠ፣ አልጌ በሌለበት ውሃ ሊገኝ አይችልም። ሁለተኛው፣ የፋብሪካ ፍሳሽ መርዝ ባክቴሪያውን ሲገድል ብስባሹ ሳይበላ ይቀራል፣ ቁጥሩም ንጹሕ ወንዝ ያስመስለዋል። ከቆዳ ፋብሪካ በታች የተወሰደ ናሙና ዝቅ ብሎ ከታየ በዳይክሮሜት የሚሠራው የኬሚካል ኦክስጅን ፍላጎት ምርመራ አብሮ ይሠራ።

የጭቃውስ?

ጭቃው በ105 ዲግሪ ሌሊቱን ይደርቅና ይመዘናል፤ ቀጥሎ በ550 ዲግሪ ምድጃ አራት ሰዓት ይቃጠላል፣ እርጥበት በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ቀዝቅዞ እንደገና ይመዘናል። 10 ግራም የነበረው 8.8 ከሆነ የተቃጠለው 12 በመቶ ነው። የአቃቂ ዙሪያ መረሬ አፈር ግን ሸክላው ውስጥ የተቆለፈ ውሃ ስላለው በቃጠሎው እሱም አብሮ ይወጣል፤ የብስባሹ መጠን ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ከኩሬው ውጭ፣ ብስባሽ የሌለበትን ያንኑ አፈር ከጥልቀት አውጥቶ አብሮ ማቃጠልና ልዩነቱን መውሰድ ይሻላል።

ለዓሣ ኩሬዬ ምን ያህል እበት ወይም የዶሮ ኩስ ልጨምር?

በሞቃት አካባቢ የሚመከረው በሳምንት ለአንድ ካሬ ሜትር ደረቅ የዶሮ ኩስ 50 ግራም ወይም የከብት እበት 100 ግራም ነው። እዚህ ግማሹን ይዛችሁ ጀምሩ፤ ኦክስጅኑ ጥቂት ነው፣ ውሃውም ቀዝቃዛ ስለሆነ ብስባሹ ቀስ ብሎ እየፈረሰ ይጠራቀማል። ለ200 ካሬ ሜትር ኩሬ 5 ኪሎ የዶሮ ኩስ በሳምንት ማለት ነው። በአንድ ቀን አትድፉት። በየቀኑ ከፋፍላችሁ፣ ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ በውሃ በጥብጣችሁ በትኑት። ማታ የተጨመረ እበት አልጌው ኦክስጅን መሥራት ባቆመበት ሰዓት መብላት ይጀምራል።

ልኩን የሚነግራችሁ ውሃው ነው። 20 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ጥቁርና ነጭ ሳሕን በገመድ አውርዱ። ከ25 እስከ 40 ሴንቲሜትር ላይ ሲጠፋ ልክ ነው። ከ25 በታች ከጠፋ ማዳበሪያ አቁሙ። ከ40 በላይ ከታየ መጨመር ይቻላል። ውሃው በአፈር ደለል ከደፈረሰ ግን ሳሕኑ ያታልላል፤ አረንጓዴ መሆኑን እዩ። ክረምት ላይ፣ ሰማዩ ለቀናት ሲጨልም፣ ሳሕኑ ምንም ቢል እበት መጨመር ይቁም።

ቆሮሶ ከ20 ዲግሪ በታች ዕድገቱ ይዘገያል፤ ለእንዲህ ያለ ኩሬ ብርድ የሚችለው ካርፕ የተሻለ ነው። የዓሣ ጫጩት ከመግዛታችሁ በፊት ሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል አማክሩ።

ንጋት ላይ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃ በላይ አውጥተው ይውጣሉ። ምን ላድርግ?

ኦክስጅን አልቋል፤ ያላችሁ ጊዜ ጥቂት ነው። መኖና እበት ወዲያው አቁሙ። ፓምፕ ካለ ከኩሬው የላይኛውን ውሃ ቅዱና ከፍ አድርጋችሁ በወንፊት ወይም በቀዳዳ ቱቦ መልሳችሁ እንዲረጭ አድርጉ። ፓምፕ ከሌለ ንጹሕ ውሃ ከከፍታ እየወረደ እንዲገባ አድርጉ፤ የሚወጣውን ከታች በኩል ልቀቁ። ከታች ያለው ነው ኦክስጅን አልባው።

እግራችሁን አስገብታችሁ ጭቃውን አታማስሉ። በጭቃው ውስጥ ያለው ሰልፋይድና ብረት በተነሣ ቁጥር የቀረውን ኦክስጅን ይወስዳል። ኖራም በዚያ ሰዓት አትጨምሩ፤ ኖራ የውሃውን ፒኤች ከፍ ሲያደርግ ጉዳት የሌለው አሞኒየም ወደ መርዛማ አሞኒያ ይለወጣል፣ የተረፈውንም ዓሣ ይጨርሳል። ፀሐይ ከወጣች ከሦስትና አራት ሰዓት በኋላ ዓሦቹ ከተሻላቸው መንስኤው የሌሊት እጥረት ነበር። ቀኑን ሙሉ ካልተሻላቸው መርዝ ወይም የስንጥብ (የዓሣ መተንፈሻ) በሽታ ጠርጥሩ።

ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ብርዳማ ሌሊቶች ሌላ ነገርም አለ። የላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ይከብድና ወደ ታች ይወርዳል፣ ኦክስጅን አልባውን የታች ውሃ ያወጣል። የቢሾፍቱ እሳተ ገሞራ ሐይቆች ላይ በዚህ ወቅት ዓሣ የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ጥልቅ ኩሬ ያላችሁ ተጠንቀቁ።

የኩሬው የታች ጭቃ መቼ ይጠረግ?

ጥቁሩ ሽፋን 15 ሴንቲሜትር ሲያልፍ። በበጋ ውሃውን አፍስሳችሁ መሬቱ እስኪሰነጣጠቅ ሁለትና ሦስት ሳምንት አድርቁ፤ አየር ሲገባበት ብስባሹ ይፈርሳል፣ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። የተረፈውን ጠርጋችሁ ለማሳ አውሉ። ከዚያ በካሬ ሜትር ከ100 እስከ 200 ግራም የእርሻ ኖራ በትኑ፤ ውሃ ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ጠብቁ።

እምቦጭን ከአባ ሳሙኤል አውጥቶ ኮምፖስት ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል፤ ለአትክልት ማሳ ግን አይመከርም። እምቦጭ ብረታ ብረትን ከውሃ እየመጠጠ በሥሩ ያከማቻል፣ ኮምፖስት መሆንም ብረቱን አያጠፋም። ለዛፍ ችግኝና ለአበባ ይዋል። ከክብደቱ ከመቶ 90 እጅ በላይ ውሃ ስለሆነ አንድ ቶን ሲደርቅ መቶ ኪሎ አይሞላም፤ ስለዚህ ዳር ላይ ጠውልጎ እንዲቀል ይተው፣ ጎርፍ መልሶ ከማይወስደው ርቀት ላይ ግን። ከእበትና ከገለባ ጋር ይደባለቅና ክምሩ ውስጡ 55 ዲግሪ ለብዙ ቀን እንዲደርስ ይገላበጥ፤ ዘሩ ለዓመታት ስለማይሞት ያልጋለ ክምር አዲስ ኩሬ ይዘራል። ማበብ ሳይጀምር ማውጣት ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። በመድኃኒት ገድሎ እንዲዘቅጥ መተው ምንጣፉን ከላይ ያነሣና ብስባሹን ከታች ይጨምራል፤ ውሃው ኦክስጅን ያጣል።

የአቃቂን ወንዝ ዝቃጭ ለጎመንና ለሰላጣ ማዳበሪያ ልጠቀምበት?

አይሆንም። ብስባሹ ክሮሚየምና ሌሎች ብረቶችን አጥብቆ ይይዛል፤ ዝቃጩ ጥቁርና ለም የሚመስለውን ያህል የተሸከመው ብረት ይበዛል። ጥሬ የሚበላ ሰላጣ ላይ ደግሞ የአንጀት ትላትልና ባክቴሪያ ይጨመራል።

ቡናማ የጉድጓድ ወይም የኩሬ ውሃ ላይ ክሎሪን ብጨምር ይጠራል?

ቀለሙ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ክሎሪኑን ግን ብስባሹ ይበላዋል፣ ለጀርም የሚተርፈው ያንሳል። ከኦርጋኒክ ቁስ ጋር ሲገናኝም ትራይሃሎሜቴን የሚባሉ ለጤና የማይበጁ ውሁዶች ይፈጠራሉ። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ በአልሙኒየም ሰልፌት ማርጋት፣ ቀጥሎ በአሸዋ ማጣራት፣ በመጨረሻ ክሎሪን ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ያህል ነፃ ክሎሪን ካልቀረ የተጨመረው አልበቃም ማለት ነው።